የዮናስ ግራ ዓይን

ጥጡን ስታነሳው የዮናስ ግራ ዓይን አብሮ ተነሳ።

የመስታወት ሠሪዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጥጡ ላይ ያለው ትንሽ ቡናማ እድፍ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያየው የሻማ ጥቀርሻ ይለዋል። ከሥሩ መብራት በሚበራበት ጠረጴዛ ላይ የተጋደመው፣ በመስታወት ላይ የተሳለው ሰው ግን አሁን አንድ ዓይና ሆኗል። ዓይኑ በነበረበት ቦታ ባዶ ብርጭቆ ብቻ አለ፤ ብርሃኑ ያለ ከልካይ ያልፍበታል።

የተጠቀመችው ውኃ ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ያወረደቻቸውን ስድስት መስኮቶች ያጸዳችው በዚሁ ውኃና በዚሁ ጥጥ ነው። በጉም፣ የወይን ሐረጉም፣ ጫጩቶቿን በደረቷ ደም የምትመግበው ወፍም ቅንጣት ቀለም ሳይለቁ ጠርተው ወጥተዋል። ሰባተኛው ይህ ነው። አውራ ጣቷን የዮናስ ከንፈር ጫፍ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ ሳበችው። ጣቷ ላይ የጡብ ብናኝ የመሰለ ዱቄት ቀረ።

አልበሰለም። ቀለሙን እሳት በደንብ አላገኘውም።

ይህ እንዴት እንደሆነ ሊገባት አልቻለም፤ ይህን የመስኮት ሰሌዳ የሠራው አባቷ ነውና። አባቷ ደግሞ "ያልበሰለ ቀለም ውሸት ነው" እያለ ያሳደጋት ሰው ነው። የመስታወት ቀለም የብረት ዝቃጭና የተፈጨ ብርጭቆ ነው፤ ስድስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ካልደረሰ ከመስታወቱ ጋር አይዋሐድም። ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቆያል እንጂ። አንድ ክረምት ያልፍበታል፣ አሥር ክረምትም ያልፍበታል፤ ከዚያ አንድ ቀን አንዷ በእርጥብ ጥጥ ታነሳዋለች።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑን መወጣጫ የሚያፈርሱት ሠራተኞች ይመጣሉ፤ ሰሌዳው ከዚያ በፊት ቦታው መግባት አለበት። ቀለም በጥብጦ ዓይን መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱ ዓይኑ የማን እንደሆነ ማወቋ ነው።

የወንድሟ ነው። ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን "ፉጨት" ነበር የሚለው፤ ቤት ሳይደርስ ፉጨቱ ቀድሞት ይገባ ስለነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ካገባ በሰባተኛው ወር፣ ባሕር ሊሻገር ሄደ። ከወደቡ ከተማ አንድ ጊዜ ደወለ። "ዛሬ ነው የምንሳፈረው፤ እንደደረስኩ እደውላለሁ" አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ጀልባዋ ሰጠመች ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ ደረሰች ብሎ የመጣም የለም።

በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ለአባቷ ሰባት መስኮት አዝዞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰባተኛው መልሕቅ ይሁን አሉ፤ የተስፋ ምልክት ስለሆነ። አባቷ አልተስማማም። "መልሕቅ የገባበት የሚቀር ነገር ነው። እኔ የሚመለስ ነው የምሠራላችሁ" አለና፣ ሦስት ቀን በዓሣ ሆድ ውስጥ ሰንብቶ ከባሕር የወጣውን ዮናስን ሠራላቸው። የጌታ ትንሣኤ ጥላ ነው ብለው ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ፊቱ የማን እንደሆነ ያወቁም ነበሩ፤ ማንም ምንም አላለም።

አክሊሉን ግን አላወቁበትም። መስታወት ሠሪዎች ከጥንት የያዙት ደንብ አለ። በጌታ ራስ ዙሪያ ያለው የብርሃን አክሊል ውስጡ መስቀል አለበት፤ የቅዱሳን ክብ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው መልኩ መስኮት ላይ ከገባ ደግሞ አክሊሉ አራት ማዕዘን ይሆናል። ክብ የሰማይ፣ አራት ማዕዘን የምድር ነው፤ ምድር አራት ማዕዘን አላትና። ዮናስ ነቢይ ስለሆነ ክብ ይገባው ነበር። አባቷ አራት ማዕዘን አደረገለት። ያየ ሁሉ ለጌጥ ነው ብሎ አለፈው። ትርጉሙን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አባቷ፣ እሷና የወንድሟ ሚስት።

በሩ ሁለቴ ተንኳኩቶ ተከፈተ። የወንድሟ ሚስት ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ክር ጠፍቶ አያውቅም።

"ዋርሳዬ፣ ደህና አደርሽ? ምነው ፈተና የሚያርም ሰው መሰልሽ?"

"ደህና። እዚያው ሁኚ፣ እርጥብ ነው።"

"እኔ ሥራሽን ከነካሁ ስንት ዘመኔ? አንዴ ነክቼ አባባ እስከ ዛሬ አልረሱልኝም።" እየሳቀች ቀረበች። ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። "ዓይኑስ?"

"ተነሳ።"

"እንዴት ተነሳ?"

"ቀለሙ አልበሰለም ነበር። ስጠርገው ለቀቀ።"

ምራቲቱ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። የብርሃኑ ሰማያዊ አገጯን ነካው። እሑድ እሑድ የምትቀመጠው በዚህ መስኮት ትይዩ እንደሆነ መስታወት ሠሪዋ ታውቃለች፤ ቦታ ልትቀይር ሞክራም አቅቷት እንደተመለሰች ታውቃለች።

"ዐሥራ አንድ ዓመት በሁለቱ ሲያየኝ ኖረ" አለች ምራቲቱ። "በአንዱ ሳይቀለኝ አይቀርም።"

ሁለቱም ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ምራቲቱ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ እንደያዘችው ቀረች። "ቄሱ አባ ሰጡኝ። ዛሬ ነው የመጨረሻው። ነገ ለሦስት ወር ይሄዳሉ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካመጣሽልኝ መዝገቡ ላይ አሰፍረዋለሁ፣ ካላመጣሽልኝ ሌላ ቄስ ደግሞ ሀ ብሎ ይጠይቅሻል አሉኝ።"

መስታወት ሠሪዋ ወረቀቱን ማየት አላስፈለጋትም። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቅጂው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበረ። የሒሳብ አስተማሪው ምራቲቱን ለትዳር ጠይቋል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ሳይሰለች ጠብቋል። ቄሱ ግን ባል ያላትን ሴት አላጋባም ይላሉ። ባሏ ሞቷል ብለው ሁለት የሥጋ ዘመዶች ይፈርሙልኝ ነው የሚሉት። እናትየው ካረፉ ቆይተዋል። የቀሩት አባትና እህት ናቸው።

"በእኔ በኩል ችግር የለም" አለች መስታወት ሠሪዋ። "ታውቂያለሽ። አባባ ነው እንጂ።"

ሁለት ዓመት የተናገረችው ቃል ስለሆነ ሳትደናቀፍ ወጣ።

"አውቃለሁ። አንቺ ባትኖሪ እዚህ ቤት ማን ያዝንልኝ ነበር?"

ከጓሮ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ምራቲቱ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

አባትየው እንደ ልማዱ አራት ሰዓት ላይ ከጓሮ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ከምድጃው ጎን ያለችውን ወንበሩን ግን ሳይደናበር ያገኛታል፤ እዚያ ተቀምጦ የልጁን መቁረጫ ድምፅ እየሰማ ይውላል። ዛሬ በሩ ላይ ቆም አለና አሸተተ።

"የስፌት መኪና ዘይት። ምራቴ ናት።"

"እኔ ነኝ አባባ። እንዴት አደሩ?"

"ይመስገን። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።" አንጓዋን በሁለት ጣቱ ከበባት። "ከስተሻል። ያ አስተማሪ ቁጥር ብቻ ነው እንዴ የሚመግብሽ?"

ስለ አስተማሪው ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን በቀልድ ብቻ ነው። ቀልዱ ካለቀ ወሬውም ያልቃል።

"ማካፈል ላይ ነው የሚበረታው አባባ" አለች ምራቲቱ።

ሳቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ዮናስን ጨረስሽው?"

"እየጨረስኩ ነው።"

"እስቲ።"

ጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ጣቶቹን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። ብርጭቆዎቹን የሚያያይዙትን የእርሳስ ዘንጎች እንደ መንገድ ይከተላቸዋል። ከታች ከዓሣው ጅራት ተነሳ፣ በአፉ በኩል ዞረ፣ ሁለቱን ማዕበል ቆጠረ፣ ትከሻው ላይ ወጣ። ፊቱ ጋ ሊደርስ ሲል ልጁ እጁን ያዘችው።

"አትንካው አባባ። ቀለሙ ይነሳል።"

እጁ መዳፏ ውስጥ ጸጥ አለ። "ምኑ ተነሳ?"

"ግራ ዓይኑ።"

ይደነግጣል ብላ ነበር። አልደነገጠም። ያውቅ እንደነበር ገባት።

"ምድጃውን ስንት ላይ ነው ያጠፋኸው?"

"አራት መቶ ሰማንያ።"

"መብራት ሄዶ ነው?"

"መብራት አልሄደም።"

"ተሳስተህ ነው?"

"እኔ?" አለ፤ ለአፍታ የድሮው ዋና ባለሙያ ተመለሰበት። ከዚያ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ቆመ። "ሆን ብዬ ነው። ሌላውን ሁሉ አብስዬዋለሁ፤ ልብሱን፣ ዓሣውን፣ ውኃውን። ፊቱን ብቻ ነው ያስቀረሁት።"

"ለምን?"

"ሰው ሄዶ ሲመለስ የሄደውን ሆኖ አይመለስም። ጢም ያወጣል። ይከሳል፣ ወይም ይወፍራል። ግንባሩ ላይ የእኔ መስመር ይወጣበታል። ሲመጣ ሰሌዳውን አወርደውና እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬው፣ እያየሁ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። ያልበሰለ ይታጠባል። ከበሰለ ግን በቃ፤ ያው ነው። ማንም አይነካውም።"

መስታወት ሠሪዋ የአባቷን እጅ ለቀቀች። "እኔን ያልበሰለ ቀለም ውሸት ነው እያልክ ነው ያሳደግኸኝ።"

"ውሸት ነው። አይደለም ብያለሁ?"

አባትየው ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ቆይቶ "ምራቴ" አለ፣ "ወረቀቱን ይዘሽ ነው የመጣሽው። ሲታጠፍ ሰምቼዋለሁ።"

"አዎ አባባ።"

"ያልኩሽን ታውቂያለሽ። ልጄን በብዕር አልገድለውም።"

መስታወት ሠሪዋ ዝም አለች። ሌላ ጊዜም ዝም ነበር የምትለው። ምራቲቱም ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ ነበር ወረቀቷን ይዛ የምትወጣው። ዛሬ ቆመች። ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር እየለቀመች ጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

"እኔም አልገደልኩትም" አለች። "የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት በሬን ቆልፌ አልተኛሁም፤ ቁልፍ አልያዘም ብዬ። ጎረቤቶቼ እብድ ናት ይሉኝ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ባፏጨ ቁጥር እዞራለሁ። ሽማግሌም ያፏጭ፣ ሕፃንም ያፏጭ፣ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከኋላዬ እያፏጨ መጣ። አልዞርኩም። ለምን እንዳልዞርኩ የገባኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።" ክሩ ጣቷን አጥብቆ ጫፉን አነጣው። "ፉጨቱን ረስቼዋለሁ አባባ። ስንት ቀን ቁጭ ብዬ ላስታውስ ሞከርኩ። የለም። እሱ ራሱ ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ፣ በአጠገቤ ያልፈኝ ነበር።"

አባትየው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። መስታወት ሠሪዋ ወንድሟ ያፏጨው የነበረውን ሊያፏጭላት መሰላት። አየር ብቻ ወጣ። ሁለተኛ አልሞከረም።

"ስንት ሆነሽ?" አለ።

"ሠላሳ አራት ልሞላ ሁለት ወር ቀርቶኛል።"

"ልጅ ትፈልጊያለሽ?"

"እፈልጋለሁ።"

በመስኮቱ በኩል የገባው ፀሐይ ከጉልበቱ ላይ ተነስቶ ወለሉ ላይ እስኪወርድ ድረስ አባትየው ከወንበሩ አልተነሳም። ምራቲቱ ወንበር አላገኘችም ነበር፤ የብርጭቆ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። አልሄደችም።

"ቀለም በጥብጪ" አለ በመጨረሻ ልጁን።

መስታወት ሠሪዋ ዱቄቱን በመስታወት ሰሌዳ ላይ አፍስሳ ውኃ ጠብ አደረገችበት፤ ትንሽ ሙጫ ጨምራ ጉብታው እስኪጠፋ አሸችው። "የእሱን ፎቶ ላምጣ?"

"ተዪው። ከቀኝ ዓይኑ ቅጂ። ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። የስንዴ ቅንጣት ያህል።"

አላስተዋለችውም ነበር። አብራው አድጋ፣ ከአንድ ሳህን በልታ፣ ግራ ዓይኑ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን አሁን ሰማች። እጇን በእንጨት መደገፊያው ላይ አሳርፋ ቀጭኑን ብሩሽ ነከረች። መጀመሪያ የላይኛውን ሽፋሽፍት ሳበች፣ ቀጥሎ ብሌኑን፣ ከዚያ ከሥሩ ያለችውን ጥላ።

"ዝቅ አደረግሽው?"

"አድርጌዋለሁ።"

ምራቲቱ ከሣጥኑ ላይ ተነስታ አየችው፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች።

ቀለሙ እስኪደርቅ ፊቱን የያዘውን እርሳስ በቢላ ከፈተች። ፊቱ ከሰሌዳው ወጣ፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ብርጭቆ። ከኋላው ግራና ቀኝ አክሊሉ የነበሩት ሁለት ቢጫ ቁርጥራጮችም አብረው ላሉ፤ እነሱን ወደ ጎን አደረገቻቸው። ፊቱን በምድጃው መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ ዱቄት በተነሰነሰበት ላይ አጋደመችው። በሩን ዘጋች። እጇ መዘውሩ ላይ ነው።

"ስንት ላይ ልሙላው?"

ቁጥሩን ታውቀዋለች። ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እሱም እንደምታውቀው ያውቃል።

"ስድስት መቶ ሃምሳ" አለ አባቷ።

ሞላችው። ምድጃው ማጉረምረም ጀመረ። አባትየው ካለበት እጁን ዘርግቶ መዳፉን በጎኑ ላይ ለጠፈ። ብረቱ ለብ ሲል እዚያው ነበረ፤ ሲሞቅም እዚያው ነበረ። መያዝ የማይቻልበት ደረጃ ሲደርስ አነሳውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። መዳፉ ቀልቶ ነበር።

"አክሊሉስ?" አለ።

"ከፊቱ ጋር ላልቷል።"

"ማዕዘኖቹን ቁረጪያቸው። ክቡ ከውስጡ ይወጣል። ባዶ የሚቀሩትን አራቱን በባሕሩ ሰማያዊ ሙዪያቸው።"

ምራቲቱ ቀና አለች። መስታወት ሠሪዋ አባቷን አየችው፤ የተናገረውን ደግሞ እንዲናገረው ጠበቀች። አልደገመውም። የደከመ ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ቢጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ አሰለፈቻቸው። በወረቀት ቅርጽ የክቡን መስመር አሰመረች። የመቁረጫውን ትንሽ የብረት ጎማ ዘይት አስነካችና በአንዱ ማዕዘን ላይ ሳበችው፤ ያ የታወቀው ስንጥቅ የሚመስል ጩኸት ተሰማ። በፒንሳ ስትይዘው ማዕዘኑ እንደ ደረቅ ዳቦ ተገመሰ። ሁለተኛውም ተገመሰ። ሦስተኛው ላይ ከመሀል ስትደርስ እጇ ተያዘ።

"ቆምሽ" አለ አባቷ።

"አልቆምኩም።"

"ዓይኔ ነው የታመመው።"

በብርጭቆ ላይ የተጀመረ መስመር ሁለተኛ አይታረስም፤ ጎማው የሄደበትን ደግሞ ከሄደበት መስታወቱ ይፈነዳል። ካቆመችበት ፈቀቅ ብላ ጀመረች። ሲገመስ መስመሩን ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ የእህል ቅንጣት ያህል ገባ። አራተኛውን ጨረሰችና አራቱንም ማዕዘኖች ውዳቂ ሣጥን ውስጥ ጣለቻቸው።

"ሦስተኛው ተበላሽቷል" አለች።

"ብዙ ነው?"

"ጥቂት።"

"እርሳሱ ይሸፍነዋል።"

ሰማያዊዎቹን ስትቆርጥ እጇ አልተያዘም። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ምራቲቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ፈርሙልኝ አላለችም። አባትየው ወረቀቱ ሲዘረጋ ሰማ። ተነሳ።

"መስመሩ የት ጋ ነው?"

መስታወት ሠሪዋ አሰበች። ከዚያ ቀጥ ያለች አጭር የእርሳስ ዘንግ አንስታ ከመስመሩ ሥር አጋደመችው። የአባቷን ጣት ወስዳ ዘንጉ ላይ አደረገችለት። ጣቱ ዘንጉን ዳር እስከ ዳር መረመረ፤ ብዕሩን ተቀበለና ከዘንጉ በላይ፣ ዘንጉን ሳይስት፣ ስሙን ጻፈ። መጻፍ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ፣ አንደኛ ክፍል የገባ ሰው የጻፋቸው ይመስሉ ነበር።

"አንቺ" አለና ብዕሩን ወደ ልጁ ዘረጋ።

ተቀበለችው። ሁለተኛው መስመር ከአባቷ ፊርማ ሥር ባዶውን ይጠብቃታል። እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እጇ ግን አልሄደም። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ የያዛት ነገር ያው እዚያው ነበረ፤ አሁን መላ ክንዷን ያዛት። በእኔ በኩል ችግር የለም። ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገረችው አስታወሰች፤ ሁልጊዜ አባቷ አልፈርምም ካለ በኋላ ወይም ከማለቱ በፊት፣ እሱ እንደማይፈርም እርግጠኛ ሆና። ከአባቷ እንቢታ ጀርባ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ወንድሟን ስትጠብቅ ኖራለች፤ ማንም ሳያያት፣ ራሷም ሳታይ።

ምራቲቱ ፊቷን አየችና ገባት።

"አንቺም?" አለች በቀስታ።

"አንድ ደቂቃ ስጪኝ።"

"ሁለት ዓመት እኮ ነው የሰጠሁሽ።"

ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህም ነው የከበዳት። ምድጃው ያጉረመርማል። ከውስጡ የሚወጣው ሙቀት እግሯ ድረስ ይደርሳታል። አሁን ስንት ደርሶ ይሆን ብላ አሰበች፤ አምስት መቶ፣ አምስት መቶ ሃምሳ። ጥቂት ከቆየ ያ ዓይን በውኃ አይለቅም።

ፈረመች።

ምራቲቱ ወረቀቱን ለመውሰድ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። "ቀን ይቀረዋል" አለች። "የሞተበት ቀን የሚለው። አባ ባዶ አትተዉት ብለዋል። ካላወቃችሁ ገምቱና ጻፉ፣ መዝገቡ ያለ ቀን አይቀበለኝም አሉ።"

"የደወለበትን ቀን ጻፊ" አለ አባትየው። "ከዚያ ወዲያ የምናውቀው የለም።"

ምራቲቱ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሳታስብ ነገረቻት። የልደቷን ቀን የምትናገር ይመስል ነበር።

መስታወት ሠሪዋ ብዕሩን ቁጥሩ ሊጻፍ በሚገባበት ቦታ ላይ አደረገችው። ያንን ቀን ከጻፈች፣ አባቷ ለሞተ ሰው የሕያው አክሊል ሠርቶለት ነበር ማለት ነው። በሩን ሳትቆልፍ የተኛችው ይህች ሴት፣ ሽማግሌ ባፏጨ ቁጥር የዞረችው ይህች ሴት፣ ለሌለ ሰው ነበር የዞረችው። ሁለቱንም አየቻቸው። አንዱ አያያትም፣ አንዷ ሰዓቷን እያየች ነው፤ አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" አለች።

ምራቲቱ ነገረቻት። አባትየው ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ፤ ግን አላረማትም።

መስታወት ሠሪዋ የዛሬውን ጻፈች።